ቪዛው ከተመታ በኋላ



እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዲቪ የደረሳችሁ አላችሁ። ቀድሞ የሄደ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ አመልክቶላችሁ ፕሮሰሳችሁ ያለቀም አላችሁ። ቪዛ እንዴት እንደሚገኝ ግን ዛሬ አልናገርም። የዲቪ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከተፈቀደ ወዲህ ደንቡ በየጊዜው ተነካክቷል፤ አስተዳደር ሲለወጥም አፈጻጸሙ ይለወጣል። ስለዚያ የሚጠየቀው የኤምባሲው የራሱ ማስታወቂያ እንጂ ደላላ አይደለም። እኔ የማነሳው ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ከተመታበት ዕለት ጀምሮ ያለውን አንድ ዓመት ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አዲስ ለሚገቡ ወገኖቻችን ቅጽ በመሙላትና ቢሮ ለቢሮ አብሬ በመዞር አግዛለሁ። ሰው ከመሄዱ በፊት የሚፈራው ብርዱን፣ እንግሊዝኛውንና ናፍቆቱን ነው። ብርዱን ካፖርት ይችለዋል፤ እንግሊዝኛውም ቀስ በቀስ ይገባል፤ ናፍቆቱ ባይጠፋ እንኳ ይለመዳል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ የሚቆጭበት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ጠዋት ሊያልቅ የሚችል ወረቀት ሳይይዝ መሄዱ፣ ከዚያም ለጊዜው ብሎ የገባበት ሥራ ዕድሜውን መብላቱ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይወለዳል። ዲግሪውን ማስገምገም ያልቻለ መሐንዲስ ዓመታትን ፓርኪንግ ውስጥ ያሳልፋል። ፓርኪንግ መሥራት ነውር አይደለም፤ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ሀበሻ ልጆቹን ኮሌጅ ያስገባው በዚያ ሥራ ነው። የሚያሳዝነው ሰውየው ሌላ ምርጫ እያለው ምርጫውን እዚህ ጥሎት መሄዱ ነው።

ከስም ልነሳ። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባት፣ ቀጥሎም የአያት እንላለን። አሜሪካ ውስጥ ግን ሰው የሚፈለገው በመጨረሻው ስሙ ነው፤ እሱም ፓስፖርታችሁ ላይ የሰፈረው የአያት ስም ነው። ሐኪም ቤት ተቀምጣችሁ የአያታችሁ ስም ሲጠራ አቤት ማለትን መልመድ አለባችሁ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ በቤተሰብ ላይ ይመጣል። ባል በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ ሚስትም በራሷ አያት ስም፤ ልጆቹ ደግሞ በአባታቸው አባት ስም። በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ሆነ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ኢንሹራንሱም፣ አንዳንዴ ልጅ ይዞ የሚበርን ወላጅ የሚያስተናግደው ሹምም «ይህ ልጅ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በአፍ አይበቃም፤ የሚመልሱት የልጁ የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጆቹ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ዋናውን አውጡ። ፍቺ ያለበት ሰው የፍቺውን ውሳኔ ያክል። ሁሉም በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣ ይጠፋል።

የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ እዚያ ያለው ጸሐፊ የሚያየው ሁለት ሰው ነው። መሪው ፓስፖርቱ ነው። ሌላው ወረቀት ወደ እሱ ይስተካከል፤ የማይስተካከል ካለ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጠው ተቋም አጽፉ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። የእኛና የእነሱ ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት በ7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ይለያያል። ዓመቱን ሙሉ 8 የሚደምር ሰው በጥቅምት የተወለደውን ልጁን አንድ ዓመት ያሳንሰዋል፤ ያ አንድ ዓመት ልጁ የሚገባበትን ክፍል ይወስናል። ቅጽ ስትሞሉ ደግሞ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ እንደሚያስቀድሙ አትርሱ፤ ማርች 5 ለማለት 5/3 ብላችሁ የጻፋችሁት ሜይ 3 ሆኖ ይነበባል። ቀጠሮ ላይ 8:00 የሚለውም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ቀጠሮ ያለፈው በዚህ ነው።

አሁን ዋና ወደምለው ልምጣ። ከዩኒቨርሲቲም ሆነ ከኮሌጅ የተመረቃችሁ ሁሉ፣ ስቱደንት ኮፒ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ምንም እንዳልያዛችሁ ቁጠሩት። አሜሪካ ውስጥ ከውጭ የመጣን ትምህርት የሚመዝነው መንግሥት አይደለም፤ ደብሊው ኢ ኤስን የመሳሰሉ ገምጋሚ ድርጅቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያምኑት በእጃችሁ የያዛችሁትን ሳይሆን ሬጅስትራሩ ራሱ አሽጎ የላከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ካልከፈለ ይህ ትራንስክሪፕትም ሆነ ዋናው ዲግሪ አይለቀቅለትም። ብዙ ሰው «ከሄድኩ በኋላ በዶላር እከፍለዋለሁ» ይላል። ዶላሩ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መልእክተኛው ነው። ጅማ ወይም ጎንደር የተማረ ሰው ከቨርጂኒያ ሆኖ ወንድሙን ከሥራው እያስቀረ ሬጅስትራር በር ላይ ያስቆመዋል። አንድ ፊርማ ሲጎድል ወንድምዬው እንደገና ይመለሳል። ከሦስተኛው ምልልስ በኋላ ደዋዩም ያፍራል፣ ተደዋዩም ይሰለቻል፤ ነገሩ እንዲሁ ይቀራል። ዲግሪ ሳይገመገም የሚቀረው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዕዳውን እዚሁ ክፈሉ። ዋናውን ዲግሪ በእጃችሁ አስገቡ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ወደ ውጭ እንዴት እንደሚላክ፣ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ጥያቄው በማን በኩል እንደሚቀርብ ከሬጅስትራሩ ጠይቃችሁ ጻፉ። የተማራችሁትን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ከክፍላችሁ ውሰዱ፤ እዚያ ትምህርት ለመቀጠል ስትፈልጉ የትኛው ኮርስ እንደሚያዝላችሁ የሚወስነው እሱ ነው። ከግል ኮሌጅ የተመረቃችሁ ማስረጃችሁን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ፤ ኮሌጅ ይዘጋል፣ ስም ይለውጣል፣ ያኔ ምስክር የሚሆናችሁ አይኖርም።

የጤና ባለሙያዎች መንገዳችሁ ከሌላው የረዘመ ነው። ነርስ ከሆናችሁ የምትኖሩበት ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ትምህርታችሁን ያስገመግማል፤ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ትወስዳላችሁ። ለግምገማው የተማራችሁበት ተቋም የክፍልና የተግባር ሰዓታችሁን ሞልቶ መላክ አለበት፤ የሙያ ፈቃድ የሰጣችሁ አካልም ማረጋገጫ ይልካል። ሁለቱንም በአካል ሄዳችሁ መከታተል የምትችሉት አሁን ነው። ሐኪሞች ደግሞ ኢሲኤፍኤምጂ በሚባለው ተቋም በኩል ተመዝግባችሁ የዩ ኤስ ኤም ኤል ኢ ፈተናዎችን ታልፋላችሁ፤ ቀጥሎ ረዚደንሲ ትወዳደራላችሁ። ዓመታት ይፈጃል። ከተመረቃችሁ የቆየ ከሆነ ውድድሩ እየከበደ ስለሚሄድ «መጀመሪያ ልቋቋም» ብሎ አምስት ዓመት መቆየት ለሐኪም ክፉ ምክር ነው። መሐንዲሶች ግን ብዙዎቻችሁ እንደምታስቡት አይደለም፤ በአገሪቱ ያለ መሐንዲስ ሁሉ ላይሰንስ የለውም። ንድፍ ላይ ፈርሞ ኃላፊነት ለመውሰድ እንጂ በድርጅት ተቀጥሮ ለመሥራት ብዙ ቦታ አይጠየቅም።

ላይሰንስ የሚሰጠው ስቴቱ መሆኑን ልብ በሉ። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ደንብ አንድ አይደለም፤ የቴክሳስም ሌላ ነው። ዘመድ ያለበት ከተማ መሄድ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ከተማ ላይ ዘመድ ያለው ሰው ከመምረጡ በፊት የሁለቱን ስቴት የሙያ ቦርድ ድረ ገጽ ከፍቶ ያንብብ።

ስለ መጀመሪያው ሥራ ደግሞ ግልጽ ልናገር። ያገኛችሁትን ሥሩ፤ ቤት ኪራይ አይጠብቅም። ግን ከምርጫችሁ መካከል ወደ ሙያችሁ የሚጠጋውን ያዙ፣ ክፍያው ትንሽ ቢያንስም። ነርስ ለነበረች ሴት ሲ ኤን ኤ የሚባለው የረዳት ነርስነት ሥልጠና ጥሩ መግቢያ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብዙ ስቴቶች ከዚያ ይጨምራሉ። ሆስፒታሉን፣ ቃሉን፣ የበሽተኛ አያያዙን ታያለች፤ አንዳንድ አሠሪዎችም ለትምህርት ያግዛሉ። አስተማሪ የነበረ በትምህርት ቤት ረዳትነት፣ ሒሳብ የተማረ በባንክ ገንዘብ ከፋይነት ይጀምር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከት ይችላል። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነና የመጀመሪያ ዲግሪ ከሌለው ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ገንዘብ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ክፍያውን በብዛት ይሸፍንለታል። በቨርጂኒያ ኖቫ የሚባለው ኮሌጅ፣ በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ኮሌጅ የእኛ ልጆች ሞልተውባቸዋል፤ ዐርባ ዓመት የሞላው ሰውም አብሮ ይቀመጣል።

ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ፦ ማን በቅድሚያ ይማራል፣ እስከ መቼ። ሁለታችሁም ሁለት ሁለት ሺፍት ከጀመራችሁ በኋላ ይህን ጥያቄ ለማንሳት ጉልበትም ጊዜም አይኖራችሁም። ቀኑን በወረቀት ላይ ጻፉት። ኦቨርታይም የለመደ ኪስ ወደ ትምህርት መመለስ ይከብደዋል፤ የመጀመሪያው የመኪና ዕዳ ሲመጣማ ጭራሽ ይረሳል።

ውክልናን በአጭሩ። ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ሒሳብ፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቀርቦ ውክልና ይስጥ። ከዚያ ሆኖ ለመስጠት በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ማስፈረም፣ ወረቀቱን ወደዚህ መላክ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ፣ ቀጥሎም ሰነዶች ማረጋገጫ ማስመዝገብ ይጠይቃል። ስትሰጡ ግን ሥልጣኑን በዝርዝር ወስኑ። ቤት ለማከራየት የተወከለ ሰው ለመሸጥ መወከል የለበትም። በወንድማማቾች መካከል ስንት ጠብ የመጣው ከጠቅላላ ውክልና ነው።

ጉዞው ላይ ብዙ አልቆይም። ቪዛው ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ከማለፉ በፊት መግባት አለባችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከሜዲካሉ ጋር የተያያዘ ሆኖ ከስድስት ወር አይበልጥም። የታሸገ ፖስታ ከተሰጣችሁ አትክፈቱት። የግሪን ካርዱን ማሠሪያ 235 ዶላር ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት ብትከፍሉ ካርዱ ቶሎ ይመጣል። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ቤተሰብ ሲገባ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። በርበሬና ሽሮ ያዙ፤ ቅጹ ላይ ምግብ መያዛችሁን ተናገሩ። ቋንጣና ሌላ የሥጋ ውጤት ግን አይገባም፤ ይወሰዳል፣ ካልተናገራችሁም ያስቀጣል። ጫት ደግሞ እዚያ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። «ለእገሌ አድርስልኝ» የተባላችሁትን ያልከፈታችሁትን ጥቅል እናታችሁም ብትሰጣችሁ አትያዙ።

ስትደርሱ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ቪዛ የመግቢያ ማኅተም ሲያርፍበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። በዚህ መሥራት ትችላላችሁ፤ ካርዱ እስኪመጣ ቤት አትቀመጡ። ካርዱም ሶሻል ሴኩሪቲውም የሚላኩት በፖስታ፣ በሰጣችሁት አድራሻ ነው። ከዘመድ ቤት ከወጣችሁ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ሕግ ነው፤ በኢንተርኔት በነጻ ይሠራል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወንዶች ሴሌክቲቭ ሰርቪስ በሚባለው የውትድርና መዝገብ የመመዝገብ ግዴታ አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እባካችሁ ይህን ብቻ እንኳ ያዙልኝ። መንጃ ፈቃድ ወይም አይዲ ለማውጣት ስትሄዱ «ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ወይም ቅጹ ላይ ሣጥን አለ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በፌዴራል ምርጫ መምረጥ አይችልም። ሣጥኑ ላይ ምልክት ያደረገ፣ ዜጋ ነኝ ብሎ የፈረመ ሰው ሳያውቅ ያደረገው ቢሆን እንኳ ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክት ነገሩ ይወጣል፤ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ያልገባችሁን ቅጽ አትፈርሙ። የዋሽንግተን ዲሲ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። አርሊንግተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስልን የመሰሉ ድርጅቶችም አሉ። ኖታሪ ግን ጠበቃ አይደለም፤ ማኅተም ስላለው ብቻ የኢሚግሬሽን ምክር አትቀበሉት።

ሕክምና ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። እዚያ የታመመ ሰው በቅድሚያ የሚጠየቀው ኢንሹራንሱን ነው። አዲስ የገባ ሰው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ማርኬትፕሌስ በሚባለው የመድን ገበያ የጤና ኢንሹራንስ መመዝገብ ይችላል። ጊዜው ካለፈው የዓመቱን የምዝገባ ወቅት ይጠብቃል፤ ወይም መድን የሚሰጥ አሠሪ ያገኛል። ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት ድጋፍ ግሪን ካርድ ከያዘ አምስት ዓመት ያልሞላው አብዛኛው አዋቂ አያገኝም፤ በብዙ ስቴቶች ግን ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ሳይጠብቁ ይገባሉ። ድንገተኛ ክፍል የደረሰን ሰው ሆስፒታሉ ሳይመረምርና ሳያረጋጋ ሊመልሰው አይችልም፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ነው። ነጻ ማለት ግን አይደለም፤ ቢሉ በኋላ ይመጣል። ሲመጣ ደንግጣችሁ መሳቢያ ውስጥ አትጣሉት። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የክፍያ ቅነሳ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ ደውላችሁ ማመልከቻውን ጠይቁ። ስንት ሰው ሊሰረዝለት የሚችለውን ዕዳ በየወሩ ሲከፍል አይቻለሁ።

እናትና አባታችሁን ለመውሰድ የምታስቡ ይህን አስቀድማችሁ አስሉ። 65 ዓመት የሞላቸው ወላጆች እዚያ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ሜዲኬር ለመግዛት እንኳ አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር አለባቸው። እስከዚያ የመድኃኒቱም የሐኪሙም ወጪ የልጅ ነው። ናፍቆት ብቻ እያየን አምጥተናቸው የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት መግዛት ሲያቅተን ማየት ከባድ ነው። ይምጡ፤ ግን የኢንሹራንሱ ዋጋ ተጠይቆ ይምጡ።

ስለ ልጆች ደግሞ ሁለት ነገር። ልጅን መምታትና ትንንሽ ልጆችን ብቻቸውን ቤት ትቶ ሥራ መሄድ እዚያ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ አይታይም፤ አስተማሪ ምልክት ካየ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሌላው፣ ልጅ እንግሊዝኛውን ከወላጅ ቀድሞ ስለሚይዝ ሐኪም ዘንድ፣ ባንክ፣ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ይሆናል። አታድርጉት። የእናቱን የደም ምርመራ ውጤት ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ አይተርጉም። ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ ትምህርት ቤቱም ያቀርባል።

ገንዘብን በሚመለከት አገሩ የሚያውቃችሁ በክሬዲት ታሪካችሁ ነው። ስትገቡ ታሪክ የላችሁም፤ ስለዚህ አፓርትመንት አከራይ ከፍ ያለ ዲፖዚት ወይም ተያዥ ይጠይቃል። ባንክ ገንዘብ አስይዛችሁ የምታወጡትን ክሬዲት ካርድ ያዙ፤ በትንሹ ተጠቀሙበት፤ በየወሩ ሙሉውን ክፈሉ። ለሌላ ሰው ተያዥ አትሁኑ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ሥራ ስትይዙ ታክሱ ከደመወዝ ተቆርጦ ደብሊው 2 የሚሰጣችሁ ነው ወይስ 1099 የሚሰጣችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ኡበር የሚነዳና ምግብ የሚያደርስ ሰው 1099 ነው፤ በእጁ የገባው ሁሉ የእሱ አይደለም። የገቢ ታክሱ ሳይቆጠር ከተጣራው ትርፍ ላይ 15.3 በመቶ ገደማ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ይከፍላል። ሳያስቀምጥ የቆየ ሰው ታክስ የሚታወጅበት ኤፕሪል 15 ሲደርስ ይጨንቀዋል። እዚህ ያከራያችሁት ቤት ገቢም እዚያ ታክስ ላይ መገለጽ አለበት።

ወደ አገር የሚላከው ገንዘብ ከሁሉ የሚያንገበግብ ጉዳይ ነው። ለትኬት፣ ለሜዲካል፣ ለሽኝት ተበድራችኋል፤ ያበደረው ሰው ይጠብቃል። ለእናት ወር ጠብቆ መላክ ግዴታችን ነው፤ ይህን የምትተዉ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። የምለምናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቤተሰቡን አስቀምጣችሁ እውነቱን እንድትነግሩ ነው። «የመጀመሪያውን ስድስት ወር ከኪራይና ከምግብ የሚተርፍ አይኖረኝም፤ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል እልካለሁ፤ ትምህርት ስጀምር ይቀንሳል» በሉ። ሳይነገር የሄደ ሰው በየስልኩ ይሰበራል፤ አልችልም ማለት ስላልለመደ ሁለተኛ ሺፍት ይገባል፤ በሁለተኛው ሺፍት ትምህርቱ ይቀራል። ከላይ ያነሳሁት መሐንዲስ ፓርኪንግ ውስጥ የሚቀረው በትራንስክሪፕት ብቻ አይደለም፤ በዚህም ነው።

ስትልኩ ከባንክ ሒሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ ላኩ። እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ በጥሬ ገንዘብ የሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለ፤ ከባንክ ሒሳብ የሚላከው ላይ ግን የለም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ተመን እንዲመራ ስለተደረገ የባንኮችን ምንዛሪ አነጻጽሩ፤ በማይታወቅ ሰው እጅ ማስተላለፍ ገንዘቡንም ስማችሁንም አደጋ ላይ ይጥላል።

የሚቀበላችሁን ዘመድም አስቡ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ የወሰዳችሁ ሰው ምናልባት ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ሳይተኛ ነው። ዝም ቢል መጥላቱ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ስንት ወር እንደምትቆዩ፣ ከመቼ ጀምሮ ኪራይና አስቤዛ እንደምታዋጡ በስልክ ተነጋገሩ። ይሉኝታ ያልተናገረው ነገር በሦስተኛው ወር ቂም ሆኖ ይወጣል፤ ቤዝመንት ውስጥ አብረው የኖሩ እህትማማቾች ሲኮራረፉ አይቻለሁ።

ስለ መመለስም ላንሳ። ግሪን ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከአሜሪካ ውጭ የሚቆይ ሰው አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ካላወጣ ሊያጣው ይችላል፤ ከስድስት ወር በላይ መቆየትም የዜግነቱን አቆጣጠር ያናጋል። ዜግነት የሚጠየቀው በመደበኛው መንገድ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ከማለማችሁ በፊት ግን የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን እንደማይፈቅድ እወቁ፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ብዙ መብት ይሰጣል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት ግን አይሰጥም። ይህ የየራሳችሁ ውሳኔ ነው፤ ሳታውቁት የምትገቡበት እንዳይሆን ነው የነገርኳችሁ።

ከእናንተ መካከል ዲግሪው ዩኒቨርሲቲ የቀረበት፣ የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት፣ ወይም በሁለት ወረቀት ላይ ስሙ የማይመሳሰል ሰው ካለ ለሽኝቱ በግ ከመግዛቱ በፊት ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራር ይሂድ።